የፊልም መቅድም በወረቀት ላይ
በመምህርና በተማሪ መካከል የተደረገ ምልልስ

ይህ ምልልስ በሐሳብ የተደረሰ ነው። ከተነጋጋሪዎቹ አንደኛው፣ በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከአባቱ እጅ የተማረ፣ ኋላም በዘመናዊው የሥነ ጥበብ ትምህርት ያለፈና ዛሬ በአዲስ አበባ ፊልም የሚያስተምር አረጋዊ መምህር ነው፤ ሁለተኛዪቱ የመመረቂያ ፊልሟን ለመቅረጽ የምትሰናዳና ስቶሪቦርዱን፣ ማለትም ሾቶቹን ከቀረጻ በፊት በተራ ካሬዎች የሚያሳየውን ንድፍ፣ ይዛ የመጣች ተማሪ ናት። ፊልሙ 12 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ ልብስ ሰፊ የነበረ አባቷ የሞተባት አንዲት ወጣት፣ ከአርባው ማግስት የአባቷን ሲንጀር የስፌት መኪና ወደ መርካቶ ወስዳ ለመሸጥ የምታደርገውን የአንድ ቀን መንገድ ይተርካል።

ተማሪ፦ መምህር፣ እንዳዘዙኝ የመክፈቻውን ስቶሪቦርድ ሠርቼ አምጥቻለሁ፤ 24 ካሬ ሆኗል። ሥዕል የማልችል ስለ ሆንሁ ሰዎቹ ሁሉ ማገር መስለዋል፤ ለዚህ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መምህር፦ ስለ እጅሽ ይቅርታ አትጠይቂ። እኔ አባቴ ቀለም ሲበጠብጥ አጠገቡ ተቀምጬ ስማር፣ ሥዕሉ በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ለልጅ ልጅ እንዲቆይ ተብሎ ይሣል ነበር፤ ይህ የአንቺ ሥዕል ግን ቀረጻው ባለቀ ማግስት ቅርጫት ቢገባ የሚያዝንለት የለም፤ የተሣለው ዓይንን ለማስደሰት ሳይሆን ያመነታ ኅሊናን ለማስወሰን ነውና። ራሱ ክብ፣ እጅና እግሩ አራት መስመር የሆነ ሰው እንኳ፣ የት እንደ ቆመ፣ ወዴት እንደሚመለከት፣ ካሜራው ከእርሱ በላይ ወይም በታች መሆኑን፣ በዙሪያውም ምን ያህል ባዶ ስፍራ እንደ ተተወለት ከተናገረ ሥራውን ፈጽሟል። አሁን በየካሬው ያለውን በተራ ንገሪኝ፤ ትርጉሙን ግን አትጨምሪበት፤ በሲኒማ አዳራሽ ከተመልካቹ አጠገብ ተቀምጠሽ የምታስረጂው አይደለምና።

ተማሪ፦ በመጀመሪያው፣ ጎሕ ሲቀድ ከእንጦጦ ላይ የሚታይ ከተማ አለ። በሁለተኛው የኮንዶሚኒየሞች ጣሪያ፣ በሦስተኛው ሚኒባስና የሚጣራ ወያላ፣ በአራተኛው መንገድ የምትጠርግ ሴት፤ ከዚያም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ርግቦች፣ አንድ ሕንፃ፣ አንድ መስኮት፣ የሚጮህ የስልክ ደወል። በዐሥረኛው ልጅቷ ትነቃለች። ፊቷን ትታጠባለች፣ ቡና ታፈላለች፣ የአባቷን ፎቶግራፍ ትመለከታለች፤ በመጨረሻው ካሬ ከስፌት መኪናው ፊት ትቆማለች። በዚህ ሁሉ ላይ ድምፅዋ ይሰማል፤ «አባቴ ከሞተ እነሆ አርባ ቀን አለፈው» ትላለች።

መምህር፦ እንግዲህ እስከ ዐሥረኛው ካሬ ተጉዤ ያወቅሁት ቢኖር፣ ጊዜው ማለዳ፣ አገሩም አዲስ አበባ መሆኑን ብቻ ነው፤ ይህንም ተመልካችሽ ከቤቱ ሲወጣ ያውቀው ነበር። አንቺ ስትናገሪ እኔ ሰዓቴን አይ ነበር፤ እያንዳንዱ ካሬ በፊልሙ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ብንገምት፣ 24ቱ ተደምረው ከሦስት ደቂቃ አያንሱም፤ ይኸውም የፊልሙ ሩብ ነው። የዕድሜውን ሩብ ከአልጋው ለመነሣት ሲያፋሽግ የጨረሰ ፊልም፣ በቀረው ዘመኑ ምን ሊሠራ ነው?

ተማሪ፦ በዚህ ነገር እርስዎ ያስተማሩን ራሱ ጠበቃ ይሆነኛል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚሥሉ የአገራችን ሠዓልያን ሸራውን ብዙ ጊዜ በ44 ካሬ ከፍለው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እንደ መጽሐፍ እንዲነበብ አድርገው ይሥሉታል፤ ስቶሪቦርድ ከዚህ በምን ይለያል? እነርሱም ቢሆኑ ከንግሥቲቱ አይነሡም፤ ሕዝቡ ለዘንዶው ፍየልና ወተት ሲገብር እያሳዩ ከሩቅ ይጀምራሉ። ለእነርሱ ከሩቅ መጀመር ከተፈቀደ፣ የእኔ ከእንጦጦ መጀመር ስለ ምን ይነቀፋል?

መምህር፦ መልካም ሞግተሻል፤ ነገር ግን ዘንዶው የአገር ገጽታ አይደለም። ያን የመጀመሪያ ካሬ ያየ ሰው ሁሉ፣ ባላገርም ይሁን ሊቅ፣ ወዲያው በልቡ «ይህን አውሬ ማን ይገድለው ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሠዓሊውም በቀጣዮቹ ካሬዎች ጀግናው ለዘንዶው በመርዝ የተበከለ ፍየል ሲያቀርብለት፣ ዘንዶው ሲሞት፣ ገዳዩ ሲነግሥ እያሳየ ይመልስለታል፤ በዚህም ንግሥቲቱ ገና ሳትታይ የምትወርሰው ዙፋን በተመልካቹ ፊት ተተክሏል። ከሩቅ መነሣት ነቀፋ የለበትም፤ ነቀፋው ጥያቄ ሳይዙ መነሣት ነው። የመጽሐፍ መቅድም አንባቢውን ሊመጣ ላለው ነገር ያሰናዳዋል፤ ከእንጦጦ የሚታየው ከተማ ግን ለአንቺም ፊልም፣ ለጓደኛሽም ፊልም፣ ለሌላውም ሁሉ ሊያገለግል ይችላል፤ ለሁሉ የሚሆን መቅድም ደግሞ የማንም አይደለም።

ተማሪ፦ ታዲያ የእኔ ዘንዶ ማን ነው?

መምህር፦ ከእኔ ሳይሆን ከድርሰትሽ ፈልጊው። በዘጠነኛው ገጽ ላይ የመርካቶው ነጋዴ መኪናውን ሲፈትሽ ምን ያደርጋል?

ተማሪ፦ በመርፌው ዓይን የቀረውን ክር መዝዞ ይጥለዋል። ክሩ አባቷ ሳይጨርሰው የሞተው ልብስ ክር ነው፤ እርሷም ያን ጊዜ «አልሸጥም» ትላለች።

መምህር፦ ይህ ክር በ24ቱ ካሬ ውስጥ የት አለ?

ተማሪ፦ የለም። መኪናው የሚታየው በመጨረሻው ካሬ ነው፤ ያም ሰፊ ሾት ስለ ሆነ ክሩ አይለይም።

መምህር፦ እንግዲያስ ተመልካቹ ክሩ ሲመዘዝ ሲያይ፣ የማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ እንደ ተገኘ እንግዳ አቀርቅሮ ይቀመጣል እንጂ እንባ ከየት ያመጣል? በዘጠነኛው ገጽ እንዲያዝን ከፈለግሽ፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ከክሩ ጋር አስተዋውቂው። ስቶሪቦርድ በዋናው ለዚህ ያገለግላል፤ ተመልካቹ ምንን ከምን አስቀድሞ እንዲያውቅ፣ ምንስ እንዲሰወርበት እንደምትፈልጊ በወረቀት ላይ የምትወስኚበት ስፍራ ነው። ካሜራው ያገኘውን ሁሉ ይቀበላል፤ መርጦ የሚተው ዳይሬክተሩ ነው፤ መተውን ደግሞ በቀረጻ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ከቦሽ ቆሞ ሳለ ለመማር አይቻልም።

ተማሪ፦ ነገሩ ገባኝ። እንግዲህ የመጀመሪያው ካሬ የክሩ ክሎዝ አፕ ይሁን፤ ማያ ገጹን ሞልቶ ይታይ።

መምህር፦ አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ሮጥሽ። ማያ ገጹን የሞላ ክር «እኔን አስታውሱኝ፤ ኋላ እፈለጋለሁ» እያለ ይጮኻል፤ ብልኅ ተመልካችም መጨረሻውን ከወዲሁ ያውቅብሻል። ነገር በሥራ መካከል ሲታይ ነው ሳይጮኽ የሚገባ። ይህ መኪና ከጠረጴዛው እንዴት እንደሚፈታ ታውቂያለሽ?

ተማሪ፦ ለፊልሙ የተዋስነውን ራሴ ፈትቼዋለሁ። መጀመሪያ ከእግር መርገጫው ጎማ ወደ ላይኛው የሚወጣው የቆዳ ቺንጋ ይወልቃል። ከዚያ የመኪናው ራስ ወደ ኋላ ይጋደምና፣ ከሥሩ ያሉት ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ይላላሉ፤ በመጨረሻ ራሱ ከማጠፊያው ተመዝዞ ይወጣል። ሲያነሡት ከመልኩ ይልቅ ይከብዳል፤ ብረቱ ሁሉ ድፍን ነው።

መምህር፦ ይኸው መክፈቻሽ በአፍሽ ተነገረ። በመጀመሪያው ካሬ ሁለት እጆች ቺንጋውን ያወልቃሉ። በሁለተኛው መኪናው ተጋድሞ፣ ካቻቢቴ የያዘ እጅ ብሎኑን ያላላል። በሦስተኛው፣ መኪናው ቀና ሲል ከመርፌው የቀረው ክር ይወዛወዛል፤ እጇ ሊበጥሰው ይቀርብና ይተወዋል፤ ክሩንም በመኪናው ክንድ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ ታሳርፈዋለች። በአራተኛው ከኋላዋ ሆነን መኪናውን አቅፋ ስትነሣ እናያለን። በአምስተኛው በጠረጴዛው ላይ የቀረው አራት ማዕዘን ባዶ ስፍራ ብቻ ይታያል። ቃል አልተነገረም፤ ሠላሳ ሰኮንድ ቢፈጅ ነው፤ ተመልካቹ ግን «ስለ ምን ትፈታዋለች? ክሩንስ ስለ ምን ራራችለት?» እያለ ይከተላታል።

ተማሪ፦ የተራኪዋን ድምፅ ካጠፋሁት ግን አባቷ መሞቱን በምን ያውቃል?

መምህር፦ በአራተኛው ካሬ ነጠላዋን እንዴት ለብሳዋለች?

ተማሪ፦ እንደ ሐዘንተኛ፣ አዘቅዝቃ፤ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ በትከሻዋ ላይ ይውላል።

መምህር፦ ታዲያ ይህን ያየ የአገርሽ ሰው ሌላ ምን አስረጂ ይሻል?

ተማሪ፦ የአገሬ ሰው አይሻም፤ ፊልሙን ወደ ውጭ አገር ፌስቲቫል ብልከው ግን የነጠላ አለባበስ የማያውቅ ዳኛ ምን ይላል?

መምህር፦ እርሱም ጥቁሩን ቀሚስ ያያል፤ ከጥቂት ካሬ በኋላም በደረጃው ላይ የምታገኛት ጎረቤት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ስትላት ይሰማል። ባዕዱ ተመልካች ዐሥር ሰኮንድ ዘግይቶ ቢያውቅ የተጎዳ የለም፤ ለእርሱ ስትዪ ሁሉን ብታስረጂ ግን፣ የአገርሽ ሰው የሚያውቀውን ነገር እንደ ሕፃን ሲነገረው ይሰለቻል። በዚሁ ላይ ሌላ ጥያቄ ልጨምርልሽ፤ ፊቷን መቼ ታሳዪናለሽ?

ተማሪ፦ አላሰብሁበትም፤ እርሷ ባለችበት ካሬ ሁሉ ፊቷን ሥያለሁ።

መምህር፦ የቀድሞ ሠዓልያን ግን አስበውበታል። ጻድቃንና መላእክት ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ወደ ተመልካቹ ፊታቸውን መልሰው ይሣላሉ፤ አጋንንትና ከሓድያን ግን በአንድ ዓይን፣ ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ ይሣላሉ። ንባብ የማያውቅ ምእመን እንኳ የትኛው ወዳጁ፣ የትኛው ጠላቱ እንደ ሆነ ከዚህ ይለያል። ዛሬ ይህን ሕግ ቃል በቃል ጠብቂ አልልሽም፤ ፊትን መግለጥም ሆነ መሰወር ፍርድ መሆኑን ግን ከእነርሱ ተማሪ። እስከ አምስተኛው ካሬ እጇንና ጀርባዋን ብቻ ካሳየሽን፣ ጎረቤቲቱ ባጽናናቻት ቅጽበት ፊቷ ሙሉ ሆኖ ሲገለጥ፣ ያ ፊት ከሐዘኑ ጋር በአንድነት ይደርሰናል። በየካሬው የባከነ ፊት ግን በዚያች ቅጽበት አዲስ ነገር የለውም።

ተማሪ፦ የደረጃውን ሾት እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ ለጨዋታችን ብዬ አሁን በአዲስ ወረቀት ሣልሁት። ስድስተኛው ልጅቷ ከሦስተኛ ፎቅ ስትወርድ ከሩቅ ነው፤ በሰባተኛው ጎረቤቲቱ ወደ ላይ ስትወጣ፤ በስምንተኛው ይገናኛሉ፤ በዘጠነኛው ልጅቷ መንገዷን ትቀጥላለች።

መምህር፦ በስድስተኛው ልጅቷ ከግራ ወደ ቀኝ ትወርዳለች፤ በዘጠነኛው ግን ከቀኝ ወደ ግራ ትሄዳለች። የሚያየው ሰው «ሐሳቧን ለውጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች» ይላል። በሁለቱ ሰዎች መካከል በሐሳብ አንድ መስመር አስምሪ፤ ካሜራሽ ከመስመሩ በአንድ ወገን ይቆይ፤ ሳታሳዪ ከተሻገርሽው ቀኙ ግራ፣ ግራውም ቀኝ ይሆናል። ይህን ለማየት ከካሬዎቹ አጠገብ ስፍራውን ከላይ እንደ ወፍ የሚያሳይ ንድፍ ሣዪና የካሜራውን መቆሚያ በየሾቱ ቁጥር ምልክት አድርጊበት። ሌላም ነገር አለ፤ ስድስተኛውን «ከሩቅ» ብለሻል፤ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ስፋቱ ምን ያህል ነው?

ተማሪ፦ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ ያልፋል።

መምህር፦ እንግዲያስ በስድስተኛው ካሬ ካሜራሽ የቆመው ግድግዳ ውስጥ ነው። ወረቀት ትሑት ነው፤ ሁሉን ይፈቅዳል፤ ኮንክሪት ግን አይፈቅድም። ከተዋናይቱ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ርቀሽ፣ የተከራያችሁትንም 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብትይዢ፣ ፊቷና ትከሻዋ እንጂ መኪናው አይገባልሽም። ስለዚህ ሎኬሽኑን በስልክሽ ፎቶግራፍ አንሥተሽ፣ ብርሃኑ በምን ሰዓት በየት በኩል እንደሚገባ አይተሽ ከዚያ ሣዪ። ደግሞም ሣጥኖችሽ አራቱም ጎናቸው እኩል ነው፤ የምትቀርጪው ግን 16 በ9 በሆነ ስፋት ነው፤ በእኩል ሣጥን ውስጥ ሙሉ የመሰለችው ልጅ፣ በዚያ ስፋት ግራና ቀኟ ባዶ ይሆናል። ባዶውን ብትወጂው መልካም፤ ሳታውቂው ቢመጣብሽ ግን ጥፋት ነው።

ተማሪ፦ ድምፁንስ የት እጽፈዋለሁ?

መምህር፦ ከካሬው ሥር፤ ከሥዕሉም ባላነሰ ጥንቃቄ። ቺንጋው ሲወልቅ የመርገጫው ጎማ ትንሽ ዞሮ ይቆማል፤ ይህ የመጀመሪያው ድምፅሽ ነው። የሰው እንቅስቃሴ በካሬው ውስጥ በቀስት ይጠቆማል፤ የካሜራው እንቅስቃሴ ከካሬው ውጭ፤ የሚቆይበትም ሰኮንድ በጠርዙ ላይ ይጻፍ። ይህን ሁሉ ካደረግሽ በኋላ ካሬዎቹን በስልክሽ አንሥተሽ በየሰኮንዳቸው በኤዲቲንግ አሰልፊያቸው፤ ካሜራ ሳትከራዪ የፊልምሽን አካሄድ ታዪዋለሽ።

ተማሪ፦ ይህን ያህል አስቀድሞ መወሰን ግን ፊልሙን በድን አያደርገውም? ኃይሌ ገሪማ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲቀርጽ ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎችን ይዞ ነው፤ ሕይወት ራሷ የምትሰጠውን የሚቀበል ካሜራ አይሻልም?

መምህር፦ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም 400 ጫማ የሚሆነው ጥቅል በሰኮንድ 24 ምስል ሲሮጥ 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ይበቃል። በዚያ ዘመን ካሜራውን ያስነሣ ሁሉ ገንዘቡ እንደ ውኃ ሲፈስስ እየሰማ ስለ ነበር፣ ድህነቱ ራሱ አስቀድሞ ያስወስነው ነበር። የአንቺ ካርድ ግን ሙሉ ቀን ብትቀርጪበት ስለማይከፋው ማንም አያስገድድሽም፤ ያ ድህነት የሰጠውን ሥርዓት ዛሬ ወረቀት መልሶ ይሰጥሻል። ሕንዳዊው ሳትያጂት ሬይ በማስታወቂያ ድርጅት የሥዕል ሠራተኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ለእይታ የበቃውን «ፓተር ፓንቻሊ» የሠራው በተሟላ የፊልም ድርሰት ፈንታ ትዕይንቶቹን በደብተር ሥሎ ነው። ሁለቱ ልጆች ባቡር የሚያዩበትን የነጭ አበባ ሜዳ ጀምሮ ሲመለስ ከብቶች አበባውን በልተው ጨርሰውት ስለ ነበር፣ የሚመጣውን ወቅት ጠብቆ ቀሪውን ቀረጸው። ያን ያህል ጊዜ መታገሥ የቻለው የሚጠብቀው ሥዕል ምን እንደ ሆነ ስላወቀ ነው።

ተማሪ፦ ስቶሪቦርድ ግን ከአኒሜሽን የመጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለሕያው ተዋናይ እንግዳ አይሆንም?

መምህር፦ መነሻው ልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ሥዕሎችን በሠሌዳ ላይ በተራ ሰክተው ታሪኩን ይመክሩበት ነበር፤ የ1933ቱ «ሦስቱ ትናንሽ ዓሣማዎች»ም እንዲሁ ተሠራ። ነገር ግን ልማዱ በዚያ አልቀረም፤ በ1939 «ከነፋስ ጋር ሄደ» በዊልያም ካሜሮን ሜንዚስ ሥዕሎች ተመርቷል፤ በ1960 የሂችኮክ «ሳይኮ» የመታጠቢያ ቤቱን ግድያ ሳውል ባስ አስቀድሞ ሥሎታል፤ በወጣትነቱ ሠዓሊ ለመሆን ያሰበው ኩሮሳዋም «ካገሙሻ»ን የሚደግፍለት ገንዘብ ባጣ ጊዜ ፊልሙን በቀለም እየሣለ ቆየ፤ በ1980 ቀረጻው ተፈጽሞ ለእይታ በቃ። ስለ በድንነት ላነሣሽው ግን እንዲህ ልበልሽ፤ በቀረጻው ዕለት ከሣልሽው የተሻለ ነገር ብታዪ ወረቀቱን ተዪው፤ ነገር ግን የተሻለ መሆኑን የምታውቂው የሚነጻጸርበት ነገር ካለሽ ብቻ ነው። ያልሣለ ሰው አዲስ ነገር ሁሉ የተሻለ ይመስለዋል።

ተማሪ፦ 24ቱን ካሬ ልቀድዳቸው ነው። መንገድ የምትጠርገዋን ሴት ግን አልተዋትም።

መምህር፦ ስለ ምን? እርሷም እንደ ርግቦቹ ማለዳን ከመንገር በቀር ምን ሠራች?

ተማሪ፦ በድሮው ካሬ ምንም አልሠራችም። አሁን ግን ልጅቷ መኪናውን አቅፋ ከሕንፃው ስትወጣ እጇ ይዝላል፤ ጠራጊዋ መጥረጊያዋን ጥላ መኪናውን በአንድ ወገን ትይዝላትና ሚኒባስ ውስጥ ያስገቡታል። ስትይዘውም የተጠመጠመውን ክር በአውራ ጣቷ ጠብቃ እንዳይፈታ ትጫነዋለች፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ግን አትጠይቃትም። የማታውቀው ሴት የጠበቀችውን ክር፣ በዘጠነኛው ገጽ ነጋዴው ይጥለዋል።

መምህር፦ እንግዲያስ ቁጥር ስጫትና ትግባ፤ ሥራ ያለው ሰው ከፊልም አይባረርም። አሁን ይህን ንጹሕ አድርገሽ ሣዪና፣ ታሪኩን ፈጽሞ ላልሰማ ሰው አሳዪው፤ «አማረ ወይ?» ብለሽ ግን አትጠይቂው፤ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» በዪው።

ተማሪ፦ የተሳሳተ ነገር ቢመልስልኝስ?

መምህር፦ ቢሳሳት ደስ ይበልሽ፤ ግምት የያዘ ተመልካች ግምቱ እስኪፈታለት ድረስ ከወንበሩ አይነሣም። «እንጃ» ብሎ ወረቀቱን ቢመልስልሽ ግን ካሜራውን ገና አትከራዪ።